የእኛ ቤት ማኔታ

እናቴ ብርቄ እንግዳ ፊት አባቴን አንቱ ትለዋለች። እንግዳው ከአጥሩ ሲወጣ አንተ ይሆናል። ጠዋት «አንተ ፈዬራ፣ ይኼን ግንድ ከደጄ አታነሳልኝም?» ስትለው የዋለች ሴትዮ፣ ሰው ሲመጣ «እርስዎ ከፍ ብለው ይቀመጡ እንጂ» ስትል ሳቄን የማፍነው በነጠላዬ ነው። የዚያን ዕለት እሑድ ግን በአንቱታዋ አልሳቅኩም። እንግዶቹ የእኔ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐዬ ሽማግሌ ልኮ፣ አባቴም እሺ ብሎ፣ ሠርጋችን ለጥር ተቆርጧል። የታኅሣሡ ግርግር ሊደርስ ዓመት ሲቀረው መሆኑ ነው። የቀረው አንድ ነገር ቢኖር የፀሐዬ አሳዳጊ አጎት፣ ባላምባራስ ሠረቀብርሃን፣ ከእንጦጦ ራጉኤል ወርደው ቤታችንን ማየት ነበር። እሳቸው አይተው ከወደዱ አለቀ። ካልወደዱ ፀሐዬ ከቃላቸው አይወጣም። ይህንን ራሱ ነው በአፉ የነገረኝ፣ ደብቆኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ታዲያ የማገባው አንተን ነው ወይስ አጎትህን?» ብዬ ስንት ቀን አኩርፌዋለሁ። ቢሆንም ከኩርፊያዬ በኋላም ያው ነው፤ አባት ሆነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፣ ምን ያድርግ።

ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት ጎን ነው። የግቢያችንን በር ያልለመደው ሰው አይከፍተውም። አባቴ በእጁ የሠራው ነው። ከውስጥ በኩል ቀጥ ብሎ የቆመ ብረት አለ፣ ጫፉ ላይ ሎሚ የምታህል ድቡልቡል እንጨት ተሰክቶበታል። እሱን ወደ ፊት ስትገፋው መቀርቀሪያው ይነሣል። ብትስበው ይነክሳል፣ ማለት ተይዞ ይቀራል፣ ብታነሣው ይነክሳል። ስሙ ማኔታ ነው። «ማኔታውን ግፊው»፣ «ማኔታውን ቅባት አስነኪው»፣ «ይኼን ማኔታ እንደገና ሳትዘጊ ብትሄጂ ውርድ ከራሴ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት።

ቃሉን ማንም ጠይቆበት አያውቅም። እናቴ የመንዝ ሰው ናት፤ ኦሮምኛ ነው ብላ ከአባቴ ተቀበለችው። የአባቴ ዘመዶች ደግሞ ከየካ አባዶ እህል ጭነው ሲመጡ፣ ከእኔ አፍ ሲሰሙት «ኢፍቱ የእናቷን አማርኛ ነው የምታወራው» ብለው ያልፉታል። ሁለቱም ወገን ሌላውን አክብሮ ዝም አለ። እኔም በሁለቱ ቋንቋ መሀል የተወለድኩ ሰው፣ አንዱ ከየት እንደመጣ ሌላውን የምጠይቅበት ምክንያት አልነበረኝም።

አባቴ የባሕር ዛፍ ነጋዴ ነው። እጁ የማይገባበት ሥራ የለም፤ ጣራ ይመታል፣ አልጋ ይሠራል፣ የጎረቤት ሬሳ ሳጥን እንኳ ሲቸግር እሱ ነው የሚጠራው። ሞተር ግን አይነካም። የጭነት መኪና ዳገቱ ላይ ቆሞበት ሾፌሩ «ጋሼ፣ እስቲ ይያዙልኝ» ሲለው «አልችልም» ብሎ ያልፋል፤ ያውም ፊቱን አዙሮ። እኔ እውነትም የማይችል ይመስለኝ ነበር። በአምስቱ ዓመት፣ በጣሊያን ጊዜ፣ የት ነበርክ ሲሉት «አቃቂ፣ ወፍጮ ቤት» ይላል። ከዚያ ወሬው ይለወጣል።

ፀሐዬ የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛ ነው። ሌላው ሰው ቴምብር እንደሚሰበስበው፣ እሱ የድሮ አውሮፕላኖችን የውስጥ ፎቶግራፍ ይሰበስባል። አብራሪው የሚቀመጥበትን፣ መሪውንና የሰዓቱን መዓት። እሱ ኮክፒት ይለዋል፣ እኔ ጓዳ ነው የምለው፤ በኋላ እሱም ጓዳ ማለት ለመደ። «አውሮፕላንን በክንፉና በጭራው ማንም ያውቀዋል፤ ለእኔ ጓዳውን አሳዩኝና ስሙን ልንገራችሁ» እያለ ይፎክራል። ጓደኞቹ ፎቶግራፍ እያመጡ ይፈትኑታል፤ አብዛኛውን አይስትም።

ለምን እንደሚሰበስብ የነገረው ግን ለእኔ ብቻ ነው። አባቱ ቡልጋ ውስጥ ከአርበኞች ጋር እያለ በአውሮፕላን ቦምብ ነው የሞተው። ፀሐዬ ያኔ በእናቱ ጀርባ የሚታዘል ሕፃን ነበር። ባላምባራስ ከወንድማቸው አጠገብ ነበሩ፤ እሳቸው ያዩት የአውሮፕላኑን ሆድ ነው፣ ሦስት ሞተር እንዳለው። ድምፁ ዛሬም ይለየኛል ይላሉ። ለፀሐዬ እናት ደግሞ «ከዚያ ከፍታ ሰው አይታይም። እንደ በረዶ ነው የወረደብን፣ ማንም አይቶ አልጣለውም» እያሉ ነው ያጽናኗቸው። ልጁ በዚህ ቃል አደገ። «ሆዱን አገር አይቶታል» አለኝ አንድ ቀን የቀበና ወንዝ ዳር ቁጭ ብለን፣ «እኔ ከውስጥ የተቀመጠው ሰው ምን ምን ይታየው እንደነበር ነው ማየት የምፈልገው።»

እሑድ መጡ። ባላምባራስ ረጅም ሰው ናቸው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ከዘራቸውን ይዘው ሲገቡ ቤታችን ጠበበች። በሩን ራሴ ከፈትኩላቸው። እናቴ አባቴን አንቱ እያለች ከመቀመጫው ሦስቴ አስነሳችው፣ ሦስቴ አስቀመጠችው። ምሳ ተበላ። ባላምባራስ ከአባቴ ጋር በኦሮምኛ ጨዋታ ጀመሩ፣ ቡልጋ ነው የተማርኩት አሉ፤ አባቴም ሲስቅ ጥርሱ ታየ፣ እሱ ደግሞ እንግዳ ፊት የሚስቅ ሰው አይደለም። አንድ ጊዜ ባላምባራስ ጣራውን ቀና ብለው አይተው «ይኼን የሠሩት ራስዎ ነዎት?» አሉት። አዎን አለ። «የጨዋ ቤት ነው» አሉ፣ ለፀሐዬ። ፀሐዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ጥር ደረሰ አልኩ በልቤ።

ፎቶግራፎቹን ያስወጣችው እናቴ ናት። «እስቲ ያን የአውሮፕላን ነገርህን አሳየን» አለችው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋጋቸው። እናቴ አንዱን አንስታ ብርሃን ላይ ይዛ አየችውና «ይኼ ምኑ ነው?» አለች።

«ጓዳው ነው» አልኳት።

«ደግሞ የሰው ጓዳ ፎቶ ይነሣል? ገመና አይደለም እንዴ?» አለች። ባላምባራስ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ፀሐዬ ሞቅ አለው። ስሙ የተጻፈበትን የእያንዳንዱን ጀርባ በእጁ ሸፍኖ ማስረዳት ጀመረ። ይህ ዳኮታ ነው፣ እዩት እነዚህ እጀታዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙት ሁለት ሞተር ስላለው ነው። ይህ ደግሞ ፖቴዝ፣ ድሮ ከጦርነቱ በፊት እኛም ነበረን፣ ጣራ የለውም፣ አብራሪው ነፋስ እየጠጣ ነው የሚሄደው። ይህ ፎከር፣ ግድግዳው እንጨት ነው። እጀታ መቁጠር ነው ዋናው ጥበብ ይላል፤ በእጀታው ሞተሩን ታውቃለህ፣ በሞተሩ አውሮፕላኑን ትጠረጥራለህ። ባላምባራስ በጥሞና ይሰማሉ። አባቴ ግን አንዱንም አላነሳም። ሁለት መዳፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ በመስኮቱ ባሕር ዛፉን ያያል። አሰልችቶት ነው ብዬ በውስጤ ተቆጣሁ፤ አማች ሊሆነው ነው፣ ምናለ ለወጉ እንኳ አንዷን ቢያያት።

በመጨረሻ ፀሐዬ አንዲት ፎቶግራፍ ከኪሱ አወጣ። «ይህችን ስዊድናዊው አስተማሪያችን ነው የሰጠኝ። ጀርባዋ ባዶ ነው፣ እሱም አላወቃትም። ሦስት ሞተር ናት፣ ያ ግልጽ ነው። ዩንከርስ ትመስለኛለች፣ ግን ልቤ አልቆረጠም።» ሦስት ሞተር ሲል ወደ አጎቱ አላየም።

እኔ ከእጁ ነጠቅኋት። ከመሪው አጠገብ ሦስት ቀጫጭን ብረቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ጫፋቸው ላይ ሎሚ የምታህል ድቡልቡል ነገር። ቁርጥ የእኛን።

«ይኼማ የእኛ በር ነው» አልኩ እየሳቅሁ። «ሦስት ማኔታ ተክለውበታል።»

ፀሐዬም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። «ምን አልሽው?»

«ማኔታ። ስትገባ የከፈትኩልህን አላየኸውም? እናንተ ምን ትሉታላችሁ?»

«ትሮትል ነው የምንለው፣ ለሞተሩ ጉልበት የሚሰጠውን እጀታ። ሁላችንም። አንድ ሽማግሌ ጣሊያን አለ እኛ ጋ፣ ማኔታ የሚለው እሱ ብቻ ነው። እሱም ለአውሮፕላን ሲሆን ነው፤ ለመኪናው ሌላ ስም አለው።» ክፋት አልነበረበትም፣ ደስ ብሎት ነው የሚያወራው። «ከየት አመጣችሁት?»

«ኦሮምኛ ነው እንጂ» አለች እናቴ። «የእሳቸው አገር ቃል ነው። አይደለም እርስዎ?»

አባቴ ባሕር ዛፉን ያያል።

«ኦሮምኛስ እኔም አላጣውም» አሉ ባላምባራስ። ገና ፈገግ እንዳሉ ናቸው። «እንዲህ የሚባል ቃል አላውቅም።»

የአባቴን ፊት ያየሁት ያኔ ነው። እስከ ጆሮ ግንዱ ድረስ ቀልቷል። ምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ግን አንድ ነገር እንደሆነ ገባኝ። አፌ ከሐሳቤ ቀደመና «ወፍጮ ቤት የሰማው ይሆናል» አልኩ። «አቃቂ ጣሊያኖች ሞልተው ነበር፣ ወፍጮም እጀታ አለው።»

«ይሆናላ» አሉ ባላምባራስ። ፀሐዬም ይሆናል አለ። እናቴ ፍሬ ልታቀርብ ብድግ አለች። አለቀ፣ አለፈ። ፀሐዬ ፎቶግራፏን ተቀብሎኝ ገለበጣት፣ እስክሪብቶውን አወጣ። «በቃ ዩንከርስ ብዬ ልጻፍባት፣ የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ።»

«አትጻፍ» አለ አባቴ።

ሁላችንም ዞርን። መስኮቱን ትቶ ፎቶግራፏን እያያት ነው።

«ዩንከርስ አይደለም። የጣሊያን ካፕሮኒ ነው» አለ። «መሀለኛዋ ማኔታ ከሁለቱ ዝቅ ብላ ትታያለች፣ አይተሃታል? ትነክሳለች። በመዳፍ መታ ካላደረጓት አትሄድም። ዩንከርስ እንዲህ አይደለም ይላሉ፤ እሱን አላውቀውም። ይህን ግን አውቀዋለሁ።»

ምን ነበረ ዝም ቢል? ይህንን እስካሁን እጠይቃለሁ። ውሸቱን አዘጋጅቼ፣ አብስዬ፣ ሰሐን ላይ አድርጌ አቅርቤለታለሁ፤ ሰዎቹም በልተውታል። እሱ ከአፋቸው መልሶ አወጣው።

«እንዴት ያውቁታል?» አለ ፀሐዬ።

«ጠዋት ጠዋት ሞተሩን የማሞቀው እኔ ነበርኩ። ጓዳውንም የምጠርገው እኔ ነኝ። አቃቂ ወፍጮ ቤት አልነበርኩም። የአውሮፕላኑ ሜዳ ነበርኩ።»

እናቴ ሰሐኑን እንደያዘች ቆማለች። «አስገድደዋቸው ነው» አለች ለባላምባራስ፣ ቶሎ ቶሎ። «ያኔ ወጣቱን እያፈሱ፣ ማን ነበር እምቢ የሚል። አስገድደዋቸው ነው፤ ይንገሯቸው እንጂ።»

«አላስገደዱኝም» አለ አባቴ። «ሰው እንፈልጋለን አሉ፣ ሄድኩ። ሞተር ማየት እወድ ነበር።»

«ፈዬራ» አለች እናቴ። «አንተ?» እንግዳ ፊት ስትለው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

ባላምባራስ ፈገግታቸው መቼ እንደጠፋ አላየሁም። በጣም በዝግታ፣ ያንኑ አክብሮት ሳይቀንሱለት ጠየቁት። «ወጥተውበትስ ያውቃሉ?»

«አንዳንድ ቀን ይወስዱኝ ነበር። ማኔታዋ ስለምትነክስ።»

«ወዴት?»

«ስሙን አይነግሩኝም።»

«ያዩት ነገር አይጠፋም መቼም።»

አባቴ ጉልበቱን አሻሸ። «ወንዝ አይ ነበር። ከሰምን አውቀዋለሁ።»

ከሰም ቡልጋን የሚያቋርጠው ወንዝ ነው። ይህንን እኔም አውቃለሁ፣ ፀሐዬ ስለ አባቱ ባወራኝ ቁጥር ያነሳዋል። አፈርኩ። ሰው ፊቴ ሞቀ፣ ላብ አጠመቀኝ ይላል፤ እኔን ቀዘቀዘኝ። በአባቴ አፈርኩ፣ በበሩ አፈርኩ፣ በየቀኑ እየገፋሁ በወጣሁበት በገባሁበት በዚያ ብረት አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በአፌ ይዤው የዞርኩት ቃል የማን አፍ ውስጥ እንደነበረ ሳስበው ምላሴን ልታጠበው አማረኝ። ፀሐዬን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም፣ እጁን ብቻ አያለሁ። እስክሪብቶውን እንደያዘ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ ፀሐዬ።

«ጠይቅ።»

«ከዚያ ላይ ሲያዩ፣ ከዚህ መስኮት፣» ጣቱን ፎቶግራፏ ላይ አኖረ፣ «ሰው ይታያል?»

እኔ አባቴን አየሁት። እናቴም አየችው። አይታይም ሊል ይችላል። አይታይም ቢል ለእሱም ይሻለው ነበር፣ ለልጁም፣ ከራጉኤል ለወረዱት ሽማግሌም። ሃያ ዓመት ያጽናኑበት ቃል ነው። እባክህ አባዬ አልኩት በልቤ፣ አሁንም አንዴ ዋሽ።

 አባቴ ጎንበስ ብሎ ፎቶግራፏን አያት።

«ይታያል» አለ። «ዝቅ ሲሉ ይታያል። ነጭ የለበሰ ከሩቅ ይታያል።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው «ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ፊቱ ይታያል» አለ።

ባላምባራስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እኔ ቦምቡን አልነካሁም» አለ አባቴ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ማኔታዋን ነው የምይዘው። ግን አይቻለሁ። አይቼም በማግስቱ ሄጃለሁ።»

ፀሐዬ ፎቶግራፏ ጀርባ ላይ ጻፈ። ካፕሮኒ። በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቱ፣ ለእኔ ስሜን በሚጽፍበት። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበት፣ ከሌሎቹ ጋር ደርድሮ ኪሱ ከተተ። አባቴን «እግዜር ይስጥልኝ» አለው። ቢሰድበው ይሻለኝ ነበር።

ባላምባራስ ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ለእናቴ «ምሳው መልካም ነበር፣ እመቤቴ» አሉ፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። አባቴን አልተሰናበቱትም፣ እኔንም አልተሰናበቱኝም። ፀሐዬ ተከተላቸው። እኛም ወግ ነውና እስከ ደጃፍ ሸኘናቸው፣ ማለት ሦስታችንም ደጃፉ ላይ ደርሰን ቆምን፣ ከዚያ ወዲያ የሚራመድ ጠፋ።

ባላምባራስ የግቢው በር ጋ ደረሱ። ያልለመደው አይከፍተውም ብያለሁ። ብረቱን ሳቡት፣ ነከሰ። ወደ ላይ አነሡት፣ ነከሰ። በሩን በትከሻቸው ገፉት፣ ቆርቆሮው ጮኸ። እንዲህ ያሉ ትልቅ ሰው በእኛ በር ላይ ሲታገሉ ማየት ከሁሉም ባሰብኝ። አባቴ ሊሄድላቸው አንድ እግሩን አነሣ፤ እናቴ ክንዱን ያዘችው። አልለቀቀችውም። ፀሐዬ አጎቱን ፈቀቅ አድርጎ ራሱ ሞከረ፣ እሱም ሳበው። እኔ ስከፍትለት መቶ ጊዜ አይቷል፣ ግን የሚያየው በሩን አልነበረም።

ከዚያ ዞሮ አየኝ። ተቆጥቶ አልነበረም። እንዴት ነው የሚከፈተው ነው የሚለኝ ፊቱ።

ሄጄ ልክፈት ብል እግሬ እምቢ አለ። ስለዚህ መናገር ነበረብኝ። ሌላ ስም ፈለግሁለት። ብረቱን ልበል፣ እጀታውን ልበል፣ ያንን ነገር ልበል፤ በሁለቱም ቋንቋ ፈለግሁ። በቤታችን ስሙ አንድ ነው፣ ሌላ አላስተማሩኝም።

«ማኔታውን ወደ ፊት ግፋው» አልኩት።

አባቴ አጠገቤ ሲተነፍስ ሰማሁት። ፀሐዬ እጁን እንጨቱ ላይ አኖረ። አልገፋም፣ ጥቂት እንዲያው ይዞት ቆየ፣ መዳፉን ከፍቶ እንደገና ጨበጠው። ከዚያ ወደ ፊት ገፋው፣ በሩም ተከፈተ።